ልጄን ተከትዬ የጀመርኩት ሩጫ

መሮጥ የጀመርኩት ልጄን ለማየት ብዬ ነው። ለጤናዬ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ስኳርሽ ከፍ እያለ ነው ባለኝ ጊዜ በጀመርኩ። ያኔ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው ወደ ሥራዬ የተመለስኩት።

ልጄ ቬጋስ ውስጥ፣ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ነርስ ናት። እኔ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፕ ላይ፣ ባለ ሆቴል የእንግዳ ክፍል አጸዳለሁ፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እኔም እሱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤት ዋልን። ሥራ የበዛባት ልጃችን ብቻ ነበረች። እስከዚያ ድረስ ዊትኒ በሚባለው ሰፈር፣ እኛው ቤት አብራን ነበር የምትኖረው። በሽታውን ይዤባችሁ እገባለሁ ብላ ስለፈራች ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር አፓርታማ ተከራየች። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ለሁለት ሳምንት ነው ብላን ነበር። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፤ ወሩም አልፎ ሌላ ወር ተተካ።

የምንገናኘው በመስኮት ነበር። አስቤዛውን በር ላይ ታስቀምጥና መኪናዋ ውስጥ ተመልሳ ትደውልልኛለች። እኔ መጋረጃውን ገልጬ እቆማለሁ፤ በዓይን እየተያየን በስልክ እናወራለን። ማስኩ ጉንጯ ላይ የሠራው ሰንበር ከዚያ ድረስ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ስለ ሽሮና ስለ በርበሬ እያወራን ድምፅዋ ጠፋ። ስልኩን ሳትዘጋ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ቆየች። ነጠላዬን አንስቼ በሩን ከፍቼ ልወጣ ስል ቀና አለችና እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። ቤቴ ደጃፍ ላይ ያለች ልጄን እቅፍ ማድረግ አልቻልኩም። መኪናዋን አስነስታ ስትሄድ መስኮቱ ጋ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ባለቤቴ መጥቶ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

በማግስቱ ደወለችና ውጭ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ከተራራቅንም፣ ብዙ አያሰጋም አለችኝ። ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ፓርክ አለ። የከተማው ውሃ ከከተማው ውጭ ወዳለው ሐይቅ ሲወርድ ረግረግ ሠርቶ ሸምበቆ ያበቀለበት ቦታ ነው። ለስንት ዓመት በአጠገቡ በአውቶቡስ ሳልፍ ገብቼበት አላውቅም ነበር። እዚያ ተገናኝተን እንሂድ ተባባልን።

የመጀመሪያው ቀን አለባበሴ ትዝ ይለኛል። የቤት ሱሪዬ ላይ ጉርድ ቀሚስ ደርቤ፣ ሥራ የምሄድበትን የማያንሸራትት ጥቁር ጫማ አድርጌ ነበር። ልጄ በቁምጣ መጣች። መንገዱ ሰፊ ነው፤ እሷ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር ሆነን ትንሽ ሄድን። ከሺፍት፣ ከሥራ ፈረቃዋ፣ ስትወጣ መሮጥ መጀመሯን፣ ካልሮጠች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ያን ዕለት ነገረችኝ። ከዚያ ትንሽ ሮጥ ብዬ ልመለስ አለችና ጥላኝ ሄደች። ሸምበቆው እስኪጋርዳት ጀርባዋን አየሁ። ልጄን ለማየት መጥቼ ጀርባዋን ብቻ ማየቴ አላጠግብ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን እሷ መሮጥ ስትጀምር እኔም ሮጥኩ።

እግሬ አውጪኝ ካልሆነ በቀር በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም። ትምህርት ቤት እያለሁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሥራዬ የጓደኞቼን ሹራብና ደብተር መጠበቅ ነበር። አሁን ደግሞ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ ቀሚሴን በአንድ እጄ ሰብስቤ፣ ጠጠሩን እያንኮሻኮሽኩ ከአንዱ አግዳሚ ወንበር እስከሚቀጥለው ደረስኩ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ልጄ ኮቴዬን ሰምታ ዞር አለች።

"ማሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየተከተልኩሽ ነዋ።"

ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ከቤት ከወጣች ወዲህ ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ወንበሩን ተደግፌ፣ ትንፋሼ ሲመለስልኝ፣ አብሬያት ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ጥቂት ቀን እንደ ሺፍቷ እየተቃጠርን እንገናኝ ጀመር። እንዴት እንደሚሮጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ ሩጫ ማለት መፍጠን ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ሁልጊዜ "ማሚ፣ ስሎው አድርጊ፤ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው" ትለኛለች። ስለዚህ እያወራን እንሮጣለን፤ ወይም እየሮጥን እንጮሃለን ማለት ይሻላል፤ መሀላችን አንድ መኪና የሚያሳልፍ ርቀት አለ። የሚገርመው በመስኮቱ ያልነገረችኝን ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ ነገረችኝ። ስልክ ይዛ ከቤተሰቦቹ ጋር ስላሰናበተችው ሽማግሌ፣ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ገብታ ስላለቀሰችበት ቀን። ሰው ጎን ለጎን ሲሮጥ ዓይን ለዓይን ስለማይተያይ ነው መሰለኝ፣ የከበደው ነገር ይቀለዋል። እኔ ምክር አልሰጠኋትም። ትንፋሹም አልነበረኝም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልተዋጠለትም። ሰው የሚሮጠው ወይ ሲያባርሩት ወይ ሲያባርር ነው ይል ነበር። የአገር ሰው ቢያየኝ ምን እንደሚል አሳስቦታል። እንዲያም ሆኖ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ በመኪናው ያደርሰኛል፤ ፓርክ ያደርግና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በስልኩ ቅዳሴ እየሰማ ይጠብቀናል። ቤተ ክርስቲያን በተዘጋበት በዚያ ጊዜ የእሱ ቤተ መቅደስ ያቺ መኪና ነበረች። እኔ ስመለስ ፊቴ ቲማቲም መስሎ ሲያይ ውሃ እያቀበለኝ "ምን በደልንሽ?" ይለኛል።

ክረምት፣ ማለቴ የእነሱ በጋ፣ ሲገባ ሙቀቱ መጣ። የቬጋስን ሙቀት ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ ከምድጃ ፊት ቆሞ እንደ መተንፈስ ነው። ከተራራው ጀርባ ጎህ ሲቀድ መንገዱ ላይ ካልሆንን ቀኑ አለቀብን። በዚያ ሰዓት ጥንቸሎቹ ከቁጥቋጦው ይወጣሉ፤ ቆቅ የሚመስሉ ወፎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው መንገዱን ይሻገራሉ። አንዷ እናት ልጆቿን እስክታሻግር ሁለታችንም በየዳራችን ቆመን ጠብቀናል። የሥራ ጫማዬ የአውራ ጣቴን ጥፍር ካጠቆረው በኋላ ልጄ የሩጫ ጫማ ገዝታ በር ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀለሙ የሚጮህ ብርቱካናማ ነው። ይህንን አድርጌ ሰው ፊት አልወጣም አልኩ። ሳደርገው ግን እግሬ ሊጥ የረገጠ መሰለኝ፤ ስለ ቀለሙም ሁለተኛ አላነሳሁም። ቀሚሱንም የተውኩት ያን ሰሞን ነው።

በዲሴምበር ነገሩ ሁሉ ከፋ። ሆስፒታሉ ሞላ። ልጄ ኦቨርታይም ላይ ኦቨርታይም ትሠራ ጀመር፤ ስትወጣ ወድቃ ትተኛለች፤ መምጣት አልቻለችም። እኔም እሷ ከሌለች ምን እሠራለሁ ብዬ ቤት ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፤ የሞተውን ሰው ቁጥር ይነግሩኛል፤ እዘጋለሁ። አንድ ጠዋት ግን ገና ሳይነጋ ነቃሁና እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ባለቤቴን ቀስቅሼ አድርሰኝ አልኩት። "ልጅቷ አትመጣ፤ ለማን ብለሽ?" አለኝ። ጫማዬን ማሰር ስጀምር እሱም ቁልፉን ፈለገ።

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሮጥኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ውሃው ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ስለ ልጄ እየተጨነቅሁ ጀመርኩና ግማሹ ላይ ስደርስ ስለ ምንም እያሰብኩ እንዳልሆነ ታወቀኝ፤ ትንፋሼንና ኮቴዬን ብቻ ነበር የምሰማው። መመለሻዬ ላይ አንድ ረጅም አንገት ያለው ግራጫ ወፍ ውሃው ዳር በአንድ እግሩ ቆሟል። ፎቶ አነሳሁትና ለልጄ ላክሁላት። ብዙ ቆይታ፣ እረፍት ስታገኝ መሰለኝ፣ "የት ነሽ? ብቻሽን ሮጥሽ?" ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሮጥ አንድ ፎቶ እልክላታለሁ፤ ዳክዬ፣ ደመና፣ በመኪናው ውስጥ ያንቀላፋውን አባቷን። ያን የብርድ ወራት ያሳለፍነው በዚያ ነው።

ከዚያ ክትባቱ መጣ፤ መጀመሪያ ለእሷ፣ ወራት ቆይቶ ለእኛ። ሁላችንም ተከትበን የሚጠበቀው ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ በሩን ከፍታ ገባች። ብዙ የምናወራ መስሎኝ ምግብ ሠርቼ ነበር። አንገቴን አቅፋ ቆየች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ምግቡ ቀዘቀዘ። አባቷ ጋቢውን አለበሳትና ሁለታችን ኩሽና ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተቀመጥን።

ውድድር እንግባ ያለችው እሷ ናት። ኢንተርፕራይዝ በሚባል ሰፈር ባለ ፓርክ ውስጥ የሚደረግ ትንሽ የሰፈር ሩጫ አገኘች። ፋይቭ ኬይ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው ብላ ለአባቷ ስታስረዳው "አምስት ኪሎማ ቅርብ ነው፤ ከአራት ኪሎ ቀጥሎ አይደል?" አላት። እሷ አዲስ አበባን በልጅነቷ ስለተወች ቀልዱ አልገባትም፤ እኛ ግን እስኪያመን ሳቅን።

ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ ተከፍቶ ነበር፤ እንደፈራሁትም ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። በዚህ ዕድሜዋ ሱሪ ለብሳ የምትሮጠው እሷ ናት መባሉን ሰማሁ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰማንያዎቹ በስደት የመጡ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት በእጃቸው ጠሩኝ። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ።

"ትሮጫለሽ አሉ" አሉኝ።

"አዎ እማማ። እርስዎም ሰሙ?"

"እግርሽ ሳለ ሩጪ ልጄ። እኔ እስከ ሱዳን ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት። የእኔው ግን ሜዳሊያ የለውም።"

ይህን ብለው ዘንጋቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሰው ምን አለ ብዬ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ውድድር ግን አዋረደኝ። ቁጥራችንን ደረታችን ላይ ለጥፈን ቆመን ሳለ ድምፅ ማጉያ የያዘች ደግ አሜሪካዊት ሴት ከየት ነሽ አለችኝ። ኢትዮጵያ አልኩ። ሴትዮዋ ዓይኗ በራ፤ በድምፅ ማጉያው ዛሬ ኢትዮጵያዊት ሯጭ አለችን ብላ አወጀች። ሰው አጨበጨበ፤ መንገድ ተከፈተልኝ፤ ሳላስበው ከፊተኛው መስመር ላይ፣ ቅልጥማቸው እንደ ሚዳቋ ከሆነ ወጣቶች መሀል ተገተርኩ። ተሳስታችኋል፣ እኔ ክፍል አጽጂ ነኝ ለማለት እንግሊዝኛዬ ያንሳል ብል ውሸት ነው፤ ኩራቱ ይዞኝ ነበር። ባንዲራ ያለበሱኝ ያህል ተሰማኝ።

ሲለቀን ፈተለክሁ። ልጄ ከኋላዬ ስሎው እያለች ስትጮህ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ ሳልደርስ ግን አየሩ አለቀብኝ፤ ጎኔን ወጋኝ፤ ቆምኩ። ሁሉም አለፈኝ። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት አለፈችኝ። ውሻ የያዘ ሽማግሌ አለፈኝ፤ ውሻው ዞር ብሎ አየኝ። ልጄ ደርሳ አጠገቤ ስትቆም አቋርጬ ወደ መኪናው ልሄድ ነው አልኳት። አገር አሰደብኩ አልኳት። ከልቤ ነበር።

ፊቴ ላይ የተጣበቀውን ፀጉር ወደ ኋላ እየመለሰች "ማሚ፣ አንቺ እኮ ኢትዮጵያ አይደለሽም፤ አንቺ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "የራስሽን ሩጪ።"

የቀረውን ጥቂት እየሮጥን ብዙ እየተራመድን ጨረስነው። መጨረሻው መስመር ላይ ወንበሮቹን እያጣጠፉ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሴትዮዋ ድምፅ ማጉያዋን አንስታ አጨበጨበችልኝ፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ባለቤቴ ቤት ደርሰን ሞተሩን ካጠፋ በኋላ "ውሻው ግን ጎበዝ ነበር" አለ። ተቆጥቼ ወጣሁና የመኪናውን በር ዘጋሁ፤ ቤታችን በር ላይ ስደርስ ግን እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ።

ሳምንት ያህል ጫማዬን አልነካሁም። የተመለስኩት ልጄ ያለችኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ሩጫዬ የልጄ፣ ኋላም የሕዝብ ሆኖ ነበር የቆየው። የእኔ ፍጥነት የቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያን በጋ በጎህ ወጥቼ እሱን ስፈልግ ከረምኩ። ጎኔ ሳይወጋኝ፣ መዝሙር በልቤ እያልኩ ልሄድበት የምችለው ፍጥነት አለ፤ ከፈጣን እርምጃ ብዙም አይበልጥም። እሱን ካገኘሁት በኋላ ርቀቱ ብዙ አላስፈራኝም።

በዚያው በጋ ሆቴሉ ወደ ሥራ ጠራኝ። ክፍሎቹ ለቀናት ሳይጸዱ ስለሚቆዩ ከበፊቱ ይከብዳሉ። ፍራሽ ሳነሳ፣ ገንዳ ሥር ስንበረከክ ግን ድሮ የማውቀው ማቃሰት ከአፌ እንዳልወጣ አስተዋልኩ። ሐኪሙም የደሜን ውጤት አይቶ ስኳርሽ ወርዷል፣ ምን አድርገሽ ነው አለኝ። እሮጣለሁ ስለው ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ወረቀቱን አየ።

ሁለተኛው ውድድር በ2021 መጸው፣ ሜዲካል ዲስትሪክቱ አካባቢ ነበር። ከልጄ ጋር ልንሮጥ ተመዝግበን ሳለ ሆስፒታሉ ሰው ጎደለበትና ሺፍት ገባች። ስልክ ደውላ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ብቻዬን እንደምሮጥ ነገርኳት። ባለቤቴ አደረሰኝ። ከመስመሩ በስተኋላ፣ እንደ እኔ ወፈር ካሉና ሸምገል ካሉ ሰዎች መሀል ገብቼ ቆምኩ። አጠገቤ ያለ ሰውዬ ለጨዋታ ያህል ከየት ነሽ አለኝ።

"ከዚሁ፣ ከዊትኒ ሰፈር" አልኩት።

ሲለቀን ሁሉም ጥሎኝ ሄደ፤ ተውኩት። የራሴን ያዝኩ። ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፤ ዛፎቹ ቢጫ ለብሰዋል። ከመሀሉ ላይ አንድ ሁለት ሰው ደረስኩባቸው፤ መጀመሪያ ፈትለክ ብለው የደከሙ ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ፤ እኔ ነበርኩ። አይዟችሁ አልኳቸው፤ በአማርኛ ነው የወጣልኝ።

ሆስፒታሎቹ ጋ ስንደርስ ከእግረኛው መንገድ ዳር ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሱ ጥቂት ነርሶች ቆመዋል። አንደኛዋ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ በሁለት እጇ ታውለበልባለች። ልጄ ናት፤ እረፍቷን ጠብቃ ወጥታ ነው። ልቆምና ላቅፋት ፈለግሁ። እሷ ግን አላስቆመችኝም፤ "ሂጂ ማሚ፣ ሂጂ!" እያለች በእጇ ወደ ፊት ጠቆመችኝ። ስለዚህ እጄን አንስቼላት አለፍኩ። ለባልደረቦቿ እናቴ ናት ስትላቸው ከኋላዬ ሰማሁ።

መጨረሻው መስመር ላይ ባለቤቴ ከመኪናው ወርዶ ቆሞ አገኘሁት። የውሃውን ክዳን ከፍቶ ይዞልኛል። ከብዙ ሰው ኋላ ነው የገባሁት፤ ከጥቂቶች ደግሞ ቀድሜያለሁ። ላቤን በእጁ መዳፍ ከግንባሬ ጠረገልኝ። ሰው ፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

በሚቀጥለው የሥራ ቀን፣ አንሶላ በምንጭንበት ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የምትሠራው የሳልቫዶር ሴት ሮጥሽ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው ብላ ጠየቀችኝ። በዕድሜ አቻዎች ነን። ጉልበቷን በእጇ እየነካካች እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ሰው ይችላል ወይ አለችኝ። ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የምናወራው። መጀመሪያ መሄድ ብቻ፣ ከአንዱ ወንበር እስከ ሌላው፤ ከዚያ እናያለን አልኳት። ማክሰኞ የሁለታችንም የእረፍት ቀን፣ ኦፍ፣ ነው። ፓርኩ የት እንደሆነ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሣልኩላትና ጋሪያችንን እየገፋን ወደየፎቃችን ሄድን።